ሦስተኛዋ ነጥብ ከየት መጣች?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ለገጣፎ የምኖር ጡረተኛ ሒሳብ ያዥ ነኝ። የበረዶ ሆኪን ያወቅሁት ካልጋሪ፣ ካናዳ በሚኖረው ልጄ ስልክ ነው። (እኔ የማውቀው በረዶ ክረምት ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነበር።)

በሰሜን አሜሪካው ብሔራዊ ሆኪ ሊግ፣ ጨዋታው በ60 ደቂቃ ካለቀ አሸናፊው 2 ነጥብ ይወስዳል፤ ተሸናፊው ባዶ እጁን ይመለሳል። እኩል ከወጡ ግን 5 ደቂቃ ሦስት ለሦስት ይጫወታሉ፤ ካልተሸናነፉ መለያ ምት ይከተላል። አሸናፊው ያንኑ 2 ሲያገኝ ለተሸናፊውም 1 ይሰጠዋል። የሁለት ነጥብ ጨዋታ ሦስት ነጥብ ወለደ! በእኔ መዝገብ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቢገኝ ኦዲተሩ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2024–25 ካልጋሪ ፍሌምስ 41 ጨዋታ፣ ሴንት ሉዊስ ብሉስ 44 ጨዋታ አሸንፈው ሁለቱም በ96 ነጥብ ጨረሱ። የካልጋሪ 14 ነጥብ የተገኘው በመሸነፍ ነው። በመደበኛው ሰዓት ባሸነፈው ብዛት ተለይቶ ወደ ጥሎ ማለፉ ያለፈው ሴንት ሉዊስ ሆነ። ልጄ «ግፍ ነው!» ብሎ ደወለ። በኤሌክትሪክ ደረሰኝ ጀርባ ላይ በእርሳስ ደምሬ፣ ግፉስ እኩል መባላችሁ ነው አልኩት። ሁለት ሳምንት አልደወለም።

በዓለም ሻምፒዮና በመደበኛው ሰዓት ያሸነፈ 3 ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ ያሸነፈ 2፣ የተሸነፈ 1። ድምሩ ሁልጊዜ ሦስት ነው። የሰሜን አሜሪካው ሊግ ይህን የሚያስታርቅለት ሒሳብ ያዥ ካጣ እኔ ሥራ ፈት ነኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንባቢያችሁ ከለገጣፎ