ነጋዴዎቹን ስንት ጊዜ ምሳ ጋበዛቸው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ሰላም ናችሁ? ስለ ምርጫ ተወዳዳሪዎች የምታወጡትን እየተከታተልኩ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። የት ተወለደ፣ የት ተማረ፣ ሁለተኛ ዲግሪውን በምን ያዘ፣ ባለትዳርና የስንት ልጆች አባት ነው። በቃ፣ ሲቪ ነው። ሰውየው ከዚህ በፊት ትንሽም ብትሆን ሥልጣን ይዞ ከነበረ፣ በዚያች ሥልጣን ማንን ምን አደረገ? እኔ ማወቅ የምፈልገው እሱን ነበር፤ እሱ ደግሞ የለም።

የኢንዶኔዥያውን የቀድሞ ፕሬዚዳንት ጆኮ ዊዶዶን ላንሳ። የአገሩ ሰው ጆኮዊ ነው የሚለው። እ.ኤ.አ. በ1961 ሱራካርታ ተወለደ፣ ሶሎ እያሉ የሚያቆላምጧት ከተማ። አባቱ እንጨት ሻጭ ነበር። ወንዝ ዳር ይኖሩ ነበርና ልጅ ሳለ ቤታቸው ፈርሶባቸው ተነሥተዋል። አድጎ ስለ ደን ተማረ፣ ከዚያ የቤት ዕቃ እያመረተ ውጭ አገር መላክ ጀመረ። ጄኔራል አልነበረም፣ የትልቅ ሰው ልጅም አልነበረም፤ በዚያ አገር ፖለቲካ ይህ ብቻውን ወሬ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ለሶሎ ከንቲባነት ተወዳድሮ አሸነፈ። ያገኘው ድምፅ 37 በመቶ እንኳ አይሞላም።

እዚህ ጋ ነው ታሪኩ የሚጀምረው። ባንጃርሳሪ የሚባለው የከተማው መናፈሻ ዙሪያውን በጎዳና ነጋዴዎች ተሞልቶ ነበር፣ 989 ነበሩ ይባላል። ከንቲባው ከዚያ አንሥቶ ወደ አዲስ ገበያ ሊያዛውራቸው ፈልጓል። ግን ፖሊስ ከመላክ ይልቅ ምሳ ጠራቸው። መጡ፣ በሉ፣ ሄዱ። ስለ መነሣት ምንም አላለም። ደግሞ ጠራቸው፣ ደግሞ በሉ፣ አሁንም ዝም። እንዲህ እየተባለ ከ50 ጊዜ በላይ ከተገናኙ በኋላ ነው ጉዳዩን ያነሣው፣ እነሱም በበኩላቸው የሚፈልጉትን ዘረዘሩ፦ ወደ አዲሱ ገበያ የሚያደርስ ትራንስፖርት ይኑር፣ መንገዱ ይስፋ፣ ገዢ ቦታውን እንዲያውቀው ማስታወቂያ ይነገርልን። በ2006 እ.ኤ.አ. ዕቃቸውን ይዘው የባህል ልብስ ለብሰው በሰልፍ ወደ አዲሱ ገበያ ሄዱ። ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ዕቃዋን በላስቲክ ጠቅልላ የምትሮጥ ሴት ያየ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ሲሰማ ተረት ሊመስለው ይችላል፣ አልፈርድበትም።

ቀጥሎ የመጣውን ታውቁታላችሁ። በ2010 እ.ኤ.አ. እንደገና ሲወዳደር 90 በመቶ ድምፅ አገኘ። በ2012 የጃካርታ ገዢ፣ በ2014 ደግሞ 53 በመቶ አግኝቶ ፕሬዚዳንት ሆነ። የመረጠው ሕዝብ ቢያንስ ማንን እንደሚመርጥ የሚያይበት ነገር ነበረው።

መልአክ ነው እያልኩ አይደለም። በእሱ ዘመን፣ በ2019 እ.ኤ.አ.፣ የፀረ ሙስና ኮሚሽኑን የሚያዳክም ነው የተባለ ሕግ ጸድቆ ተማሪዎች አደባባይ ወጥተዋል። ከዚያ ደግሞ የልጁ ነገር አለ። ጊብራን በ2021 የዚያችው የሶሎ ከንቲባ ሆነ፣ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ታጨ። ሕጉ ዕጩ 40 ዓመት ይሙላው ይል ነበር፣ ልጁ ያኔ 36 ነበር። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ፣ ተመርጦ አካባቢ ያስተዳደረ ሰው ዕድሜው ባይደርስም ይችላል ብሎ ወሰነ። የፍርድ ቤቱ ሰብሳቢ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የጆኮዊ እህት ባል! በኋላ በሥነ ምግባር ጥሰት ከሰብሳቢነቱ ተነሥቷል፣ ውሳኔው ግን ጸና፣ ልጁም ተመረጠ። አባት ከሶሎ የወጣው በምሳ ነው፣ ልጅ በፍርድ ቤት። ሁለቱም ግን ሲቪያቸው ላይ ያለው ያው ነው፣ “የሶሎ ከንቲባ የነበረ”።

ሲቪ አይበቃም የምለው ለዚህ ነው።

እኛ አገር ደግሞ ችግሩ ከሥር ይጀምራል። የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤት ምርጫ የተካሄደው በ2005 ዓ.ም. ነው፤ በ2010 ሊካሄድ የነበረው ተራዘመ። ታዲያ ለፓርላማ የሚወዳደር ሰው ከታች በሕዝብ ድምፅ ተፈትኖ የሚመጣው ከየት ነው? አብዛኛውን የምናውቀው በፓርቲው ስምና በምርጫ ምልክቱ ነው። ተሹሞ የሠራ አለ፣ ግን መሾምና መመረጥ ለየቅል ናቸው፣ የሾመው አካል ደስ ካለው የሰፈሩ ሰው ቢያኮርፍም ወንበሩ አይነቃነቅም።

ስለዚህ ጋዜጠኞቻችሁን ወደ ሰፈሩ ላኩልን። ተወዳዳሪው ወረዳ ላይ ሠርቶ ከሆነ ለአንዲት ካርታ ወራት የተመላለሰውን ባለጉዳይ ጠይቁት። ሥልጣን ይዞ የማያውቅ ከሆነም ዕድር አለ፣ የቤት ማኅበር አለ፣ ዩኒየን አለ። ዳኛ ወይም ገንዘብ ያዥ ሆኖ ያውቃል? ሒሳቡን አስመርምሮ ነው ያስረከበው ወይስ ዶሴው እስከ ዛሬ እሱ ቤት ነው? አባላቱ ሲጣሉ እሱ የት ነበር? ለተቃዋሚውም ለገዢው ፓርቲ ዕጩም እኩል ይጠየቅ፣ አንዱን መርጣችሁ ከሆነ ይቅርብን። የዲግሪውን ነገር በአንድ መስመር ጨርሱት።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ