የዲፎርድ ቤይሊ ስም ለምን ቀረ?

ይድረስ ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ግራንድ ኦሊ ኦፕሪ 100ኛ ዓመት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ያነበብሁት አራት ኪሎ፣ ጫማዬን እያስጠረግሁ ነው። በአሜሪካዋ ናሽቪል ከተማ ኅዳር 19 ቀን 1918 ዓ.ም. በደብሊው ኤስ ኤም ሬዲዮ የተጀመረው ይህ የቅዳሜ ምሽት ዝግጅት የካንትሪ ሙዚቃ ዋና ቤት ነውና፣ እንደኔ ከጂም ሪቭስና ከኬኒ ሮጀርስ ካሴት ጋር ላደገ የአዲስ አበባ ሰው መታወሱ ትልቅ ደስታ ነው። ነገር ግን ጽሑፉን ሁለት ጊዜ ብመላለስበትም የዲፎርድ ቤይሊን ስም አጣሁት።

ቤይሊ እ.ኤ.አ. በ1899 በቴነሲ የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በሦስት ዓመቱ ፖሊዮ አልጋ ላይ ጥሎት ሳለ በውጭ የሚያልፈውን ባቡርና የሚጮሁትን ውሾች እየሰማ ድምፃቸውን በሃርሞኒካ ማስመሰል ለመደ። ይህ ችሎታው ነው ዝግጅቱን ስም ያሰጠው። ኅዳር 30 ቀን 1920 ዓ.ም. ምሽት፣ በዚያው ጣቢያ የክላሲካል ሙዚቃ ሰዓት እንዳበቃ፣ ቤይሊ ፓን አሜሪካን የተባለውን ባቡር ከነፉጨቱና ከነመንኮራኩሩ በሃርሞኒካው አሰማ፤ የዝግጅቱ መሪ ጆርጅ ሄይም እስካሁን የሰማነው ከግራንድ ኦፔራ ነበር፣ ከእንግዲህ የምናቀርበው ግን ግራንድ ኦሊ ኦፕሪ ነው ሲል ኦፔራ የሚለውን ቃል በገጠሬው አነጋገር ኦፕሪ ብሎ ለወጠው። መቶ ዓመቱን ያከበርንለት ዝግጅት ስም እንግዲህ የተወለደው ከአንድ ጥቁር ሰው ትንፋሽ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1941 ግን አሰናበቱት። በሬዲዮ ጣቢያዎችና የደራስያንን ክፍያ በሚሰበስበው ማኅበር መካከል በተነሣው ጠብ ምክንያት አድማጭ የሚያውቃቸው ዜማዎቹ ከአየር ታገዱ፤ ከዚያም አዲስ ዜማ አልተማርክም ተባለ። ከዚያ በኋላ ኑሮውን የገፋው በናሽቪል ጫማ በመጥረግ ነው። ይህን እያሰብሁ ሳለ ሊስትሮው በብሩሹ እንጨት ሳጥኑን ሁለት ጊዜ መታ አድርጎ እግሬን እንድቀይር ምልክት ሰጠኝ፤ ቀና ብዬ ፊቱን ሳየው፣ ከዚህ ሳጥን ፊት ስንት ጊዜ ተቀምጬ ስሙን እንኳ ጠይቄው እንደማላውቅ ተሰማኝ። ቤይሊ እ.ኤ.አ. በ1982 ዐረፈ፤ የካንትሪ ሙዚቃ የክብር አዳራሽ ስሙን በዝርዝሩ ያሰፈረው በ2005፣ ከሞተ ከ23 ዓመት በኋላ ነው።

ሌላም የካንትሪ ሙዚቃ የመቶ ዓመት በዓል አለ። የሸክላ አሳታሚው ራልፍ ፒር በአሜሪካዋ ብሪስቶል ከተማ የካርተር ቤተሰብ የተባለውን የዘፋኞች ቡድንና ዘፋኙን ጂሚ ሮጀርስን ለመጀመሪያ ጊዜ በሸክላ የቀረጸበት ሐምሌ 1919 ዓ.ም. በ2019 ዓ.ም. መቶኛ ዓመቱ ነው። ስለዚያ ስትጽፉ፣ ከቀረጻው በኋላ የቤተሰቡ አባል ኤ.ፒ. ካርተር ዜማ ፍለጋ በየተራራው ሲዞር አብሮት የዞረውን ጥቁሩን ጊታር ተጫዋች ሌስሊ ሪድልን አትርሱት፤ ካርተር ግጥሙን ሲጽፍ ዜማውን በአእምሮው ይዞ የሚመለሰው እሱ ነበር።

ኅዳር 30 ቀን 2020 ዓ.ም. የኦፕሪ ስም መቶ ዓመት ይሞላዋል። ለዚያ ቀን በምታዘጋጁት ጽሑፍ የቤይሊን ታሪክና ፎቶግራፉን በፊት ገጽ እንድታወጡልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ
ከአራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ