የጋዝ ሊዝ ለመጣላችሁ፦ ከመፈረማችሁ በፊት ተቀናሹን እዩ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሼ ብዬ የምጠራቸው አንድ አባት እጄን ይዘው ወደ መኪናቸው ወሰዱኝ። ፎርት ወርዝ አካባቢ ነው የምንኖረው። ከወንበሩ ሥር ፖስታ አወጡና «ልጄ፣ እስቲ ይቺን አንብቢልኝ፤ ከቤቴ ሥር ጋዝ አለ፣ በሊዝ ስጠን ነው የሚሉኝ» አሉኝ። እዚያው ቁጭ ብለን አነበብነው። ሲፈረም የሚከፈለው የቦነስ ብር ከላይ በደማቅ ተጽፏል። በአሥር ቀን ውስጥ ካልፈረሙ ነገሩ ይቀራል የሚል ማስፈራሪያ ነገርም አለው። ጋሼ እስክሪብቶ ይዘው ነበር፤ እኔ አንብቤ እንደጨረስኩ ለመፈረም።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለእሳቸው ብቻ አይደለም። ቤት የገዛን አበሾች በዝተናል፤ ፖስታውም ለብዙዎቻችን ይመጣል።

መጀመሪያ ግራ የሚያጋባን ነገር አለ። አገር ቤት ሕገ መንግሥቱ፣ አንቀጽ 40፣ መሬትም የተፈጥሮ ሀብትም የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ሊዝ ሲባል ከማዘጋጃ ቤት መሬት መውሰድ ነው የሚመጣልን። ቴክሳስ ውስጥ ግን ከመሬት በታች ያለው ነዳጅና ጋዝ የግለሰብ ሊሆን ይችላል፤ ተከራዩ ኩባንያው ነው፣ አከራዩ አንተ ነህ። ይችላል ያልኩት አውቄ ነው። ብዙ ጊዜ ቤቱን የሠራው ድርጅት ወይም የድሮው ባለመሬት ማዕድኑን ለራሱ አስቀርቶ የላዩን ብቻ ይሸጣል። እንዲያ ከሆነ የሚከራይ ነገር የላችሁም። የቤታችሁን ዲድ፣ ማለትም የባለቤትነት ሰነዱን፣ እዩ፤ ካልገባችሁ ካውንቲው መዝገብ ቤት ሄዳችሁ ወደ ኋላ ማስፈተሽ ይቻላል።

እኔ የፈረምኩት በፈረንጆቹ 2008 በዚያ የጋዝ ሊዝ ግርግር ጊዜ ነው። በዚያ ዓመት አጋማሽ እዚህ ከተማ ለአንድ ኤከር ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ቦነስ ይቀርብ ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ የጋዝ ዋጋ ወረደና ያ ሁሉ ቀረ። እኔ ዘንድ የመጣው ከወረደ በኋላ ነው፤ እንዳያመልጠኝ ብዬ ቸኮልኩ። ከኛ ወዲያ ያለው ሰፈር ተሰብስቦ፣ ጠበቃ ቀጥሮ፣ በአንድ ድምፅ ሲደራደር እኛ እያንዳንዳችን በራችን ላይ ከቆመው ሰው ጋር ብቻችንን ነበር የተነጋገርነው። የተሻለ ውል ያገኙት እነሱ ናቸው።

ሰው ሁሉ የሚያየው ቦነሱን ነው። ቦነሱ አንድ ጊዜ ይመጣል፣ ግብር ይቆረጥበታል፣ ያልቃል። ዓመታት አብሯችሁ የሚኖረው ሮያሊቲው፣ ማለትም ከሚሸጠው ጋዝ የሚደርሳችሁ መቶኛ ነው። ልኩን ላሳያችሁ። የእኔ ግቢ ሩብ ኤከር ነው። ጉድጓዱ የተመዘገበበት ዩኒት፣ ማለትም የብዙ ባለመሬቶች ቦታ ተጠቃሎ ገቢውን በየስፋታቸው የሚካፈሉበት ክልል፣ ደግሞ 320 ኤከር። ሮያሊቲዬ 20 በመቶ ነው። ስለዚህ ከዚያ ጉድጓድ የ1 ሚሊዮን ዶላር ጋዝ ቢሸጥ የእኔ ድርሻ 156 ዶላር ገደማ ነው። በ12.5 በመቶ ብፈርም ኖሮ 98 ዶላር እንኳ አይሞላም። ሚሊየነር እንሆናለን ብላችሁ ለልጆቻችሁ ቃል አትግቡ። ሰፋ ያለ መሬት ላለው ግን ይቺ የመቶኛ ልዩነት ትልቅ ገንዘብ ናት።

እሱም በሙሉ አይደርስም። በየወሩ የሚመጣልኝ ወረቀት ላይ ከዋጋው ቀጥሎ ረድፍ ረድፍ ተቀናሽ አለ፦ ማሰባሰቢያ፣ መጭመቂያ፣ ማጣሪያ፣ ማጓጓዣ። አንድ ወር 41 ዶላር መሆን የነበረበት 24 ሆኖ መጣ። ስደውል ልጅቷ በትህትና «ውልዎ ላይ አለ» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔ ነኝ ያላነበብኩት። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ! ከዚህ የባሰም አለ፤ ተቀናሽ የለም ብሎ መጻፍ ብቻውን አይበቃም። በፈረንጆቹ 1996 የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በወሰነው አንድ ጉዳይ ላይ፣ ውሉ ወጪ አይቀነስም እያለ፣ ዋጋው ግን ጉድጓዱ አፍ ላይ ባለው የገበያ ዋጋ ይሰላል ስለሚል፣ ያ ክልከላ ለባለመሬቶቹ ምንም አልፈየደላቸውም። አንዲት ሐረግ ሌላዋን ትበላለች። ለዚህ ነው ጠበቃ የሚያስፈልገው፤ ያውም የቤት ሽያጭ ሳይሆን የነዳጅና ጋዝ ውል የሚሠራ።

ስለ ጊዜውም ልበል። ሦስት ዓመት ወይም አምስት ዓመት የሚል ታያላችሁ። ነገር ግን ጋዝ መውጣት ከጀመረ ውሉ ጋዙ እስከወጣ ድረስ ይቀጥላል፣ ሃያ ዓመትም ቢሆን። አምሳና መቶ ኤከር ያላችሁ፣ አንዲት ጉድጓድ ጥግ ላይ ተቆፍራ መሬታችሁን በሙሉ ይዛ እንዳትቀር፣ ከዩኒቱ ውጭ ያለው እንዲለቀቅ የሚያደርግ አንቀጽ አስገቡ። ፑ ክሎዝ ይሉታል። ከመሬታችሁ ላይ ማሽን እንዳይቆም ከፈለጋችሁም አስጽፉት፤ በቴክሳስ ሕግ ማዕድኑን የያዘ ሰው ለሥራው የሚያስፈልገውን ያህል በላዩ መሬት የመጠቀም መብት አለው።

አሥር ቀን የሚለው ጋሼን በጣም አስጨንቋቸው ነበር። ቀኑን ያስቀመጠው ኩባንያው እንጂ ሕግ አይደለም። ፈላጊው እሱ ነው፤ ጥያቄ ብትጠይቁት አይቀየምም፣ ቢቀየምም አትጎዱም።

ጋሼ እስክሪብቶውን ኪሳቸው መለሱ። ሐሙስ ጠበቃ ዘንድ አብረን እንሄዳለን፤ ከሰፈራቸው ፖስታው የደረሳቸው ሁለት ጎረቤቶችም ይመጣሉ። ዝግጅት ክፍሉን አንድ ነገር እለምናለሁ፦ ይህን ሥራ የሚያውቅ ጠበቃ ፈልጋችሁ እነዚህን አንቀጾች አንድ በአንድ በአማርኛ አስጽፉልን። እናቶቻችንና አባቶቻችን ሳይገባቸው እየፈረሙ ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከፎርት ወርዝ