ስለ ልጆቻችን ምሳ እቃ እና ማክሰኞ ስለሆነው ነገር

ለተከበራችሁ ወላጆች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ረዘም አድርጌ የምጽፍላችሁ ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ የሆነውን ነገር ብዙዎቻችሁ ከልጆቻችሁ ስለሰማችሁ ነው፣ እነሱ ደግሞ ታውቋቸው የለ፣ ጨማምረው ነው የሚያወሩት። የተመረዘ ምግብ የለም፣ ልጁም ደህና ነው።

አንዱ የ2ኛ ክፍል ልጃችን ከጓደኛው ቆሎ አንድ እፍኝ ዘግኖ በላ፣ ቆሎው ውስጥ ለውዝ ነበረበት። አስር ደቂቃ እንኳን ሳይሞላ አንገቱን ማከክ ጀመረ፣ ሚስ ሸሚዙን ገለጥ ስታደርገው ትኋን ሲበላው ያደረ ይመስል እስከ ሆዱ ሽፍ ብሎበታል፣ ከዛ ከንፈሩ አበጠ። አንዷ ረዳት "ምች ነው፣ ዳማ ከሴ እሹለት" አለች (አልፈርድባትም፣ እኔንም እናቴ እንደዛው እያሸች ነው ያሳደገችኝ)፣ ነርሳችን ግን ድምፁ ሲጎረንን እና ትንፋሹ ሲያፏጭ ሰምታ ወደ መኪና ተሸክማው ሮጠች፣ ጤና ጣቢያ ጭኑ ላይ አድሬናሊን (ለከባድ አለርጂ በድንገተኛ የሚሰጥ መድኃኒት) ተወጋ፣ እስከ ማታ እዛው ክትትል ተደርጎለት ቤቱ ገባ። ሐሙስ ኳስ ሲያባርር ነበር።

አሁን የሚያመኝ ነገር፣ ለውዝ እንደማይስማማው ቤት ውስጥ ከሦስት ዓመቱ ጀምሮ ይታወቃል፣ እኛ ጋ ያለው የምዝገባ ፎርም ላይ ግን "አለርጂ" በሚለው ቦታ "የለም" ተብሎ ነው የተጻፈው። ወላጆቹ ራሳቸው "ለሌሎቹም ጻፍላቸው" ብለውኝ ነው ይሄን የማነሳው። ለምን ደበቃችሁ ስላቸው "ድሮ ትንሽ ሽፍ ብሎበት ነበር የጠፋው፣ ደግሞ በሽተኛ ተብሎ እንዳይገለል ብለን ነው" አሉኝ። ችግሩ አለርጂ ባለፈው እንዲህ ስለነበር ዛሬም እንዲሁ ይሆናል አይባልም፣ አምና ሽፍታ ብቻ ያመጣ ምግብ ዘንድሮ ጉሮሮ ሊዘጋ ይችላል። ሰውነት ምግቡን እንደ ጠላት ቆጥሮት ሂስታሚን የሚባል ነገር ይለቃል፣ ብዙ ጊዜ ቆዳ ላይ ቀድሞ ይታያል፣ እሱም ከበሉ ከደቂቃዎች እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው።

በተለይ ፆም ሲገባ እኛ እንሰጋለን፣ እንቁላሉና አይቡ ከምሳ እቃ ይወጣና በቦታው ዳቦ በለውዝ ቅቤ፣ ሀላዋ (ሰሊጥ ነው እኮ)፣ ለውዝ የተቀላቀለበት ቆሎ ይገባል። ልጆቹን ደግሞ "አትካፈሉ" ማለት አይቻልም፣ ብዬ አይቻለሁ፣ አንዷ የኬጂ ልጅ "ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል" ብላ መለሰችልኝ፣ ምን እላታለሁ። መጎራረሱ ይቀጥል፣ እኛ ግን ማን ምን እንደማይበላ እንወቅ።

በሌላ በኩል ሽፍ ያለ ሁሉ አለርጂ አይደለም። ብርቱካን ወይ ቲማቲም በልቶ አፉ ዙሪያ ብቻ ቀላ ያለ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ አሲዱ ቆዳውን አስቆጥቶት ነው፣ ወተት ሆዱን የሚነፋውም ብዙ ጊዜ ሌላ ጉዳይ ነው። ሐኪም ሳያይ ወተት፣ እንቁላል፣ ስንዴ ሁሉ የተከለከለበት ልጅ አለን፣ እየከሳ ነው፣ እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ።

እስከ አርብ ኮሚዩኒኬሽን ቡኩ ላይ ጻፉልን፣ ምን በልቶ፣ ምን ያህል በልቶ፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ፣ ምን ሆነ። ሽፍታው ሲወጣ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ ሐኪም ጋ እስክትደርሱ ይጠፋና "ምንም የለበትም" ተብላችሁ ትመለሳላችሁ። የማሳከክ ሽሮፕ የታዘዘለት ካለ ስሙ ተጽፎበት ለነርሷ ይሰጥ፣ ቦርሳ ውስጥ አይቀመጥ። ሽሮፑ ግን ለማሳከክ ብቻ ነው፣ ቤት ውስጥ ምላሱ ካበጠ፣ ካፏጨ፣ በላይ በላዩ ካስታወከ ወይ ከዛለ ሽሮፕ ሰጥታችሁ አትጠብቁ፣ 907 ደውሉ ወይ ያገኛችሁት መኪና ላይ ጫኑት።

"የለም" ብላችሁ የሞላችሁ እና አሁን ሐሳባችሁን የቀየራችሁ ካላችሁ፣ ቢሮዬ ጠዋት ከ2 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው፣ ፎርሙን አብረን እናስተካክላለን፣ ማንም አይጠይቃችሁም።

ከአክብሮት ጋር
ርዕሰ መምህሩ