ነገን የማናስታውሰው ለምንድን ነው?

ወንድም ዓለም፣

እንደምን ከረምክ? እማማስ እንዴት ናቸው? ልጆቹ አደጉ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከተጠፋፋን ዓመታት ነጎዱ። ባሕር ዳርም አንተ እንደተውካት አይደለችም፤ ዓባይ ላይ ሰፊ አዲስ ድልድይ ተሠርቷል። ዘንባባዎቹ ግን አሉ።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ አንድ ያደረ ጥያቄህ ነው። ተማሪ ሳለን ጣና ዳር ቁጭ ብለን፣ «ትናንትን የምናስታውስ ሰዎች ነገን የማናስታውሰው ለምንድን ነው?» ብለኸኝ ነበር። ሌላ ወሬ መጣና ሳንጨርሰው ቀረ። ሰሞኑን ጢስ ዓባይ ወርጄ እንደገና ያዘኝ።

ፏፏቴው 42 ሜትር ያህል ይወርዳል። ውሃው ታች ዓለቱ ላይ ሲከሰከስ የአወራረዱ ጉልበት የት ይገባል? ሙቀት ይሆናል። ሒሳቡን ብትሠራው ውሃው በ0.1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይሞቃል። በእጅ የሚታወቅ አይደለም። አሁን ተገላቢጦሹን አስብ። ከገደሉ ሥር ያለው ውሃ በ0.1 ዲግሪ ቀዝቅዞ፣ በዚያው ሙቀት 42 ሜትር ሽቅብ ቢዘል ጉልበት አልተፈጠረም፣ አልጠፋም። የኒውተን ሕጎችም አይከለክሉትም። የእያንዳንዱን ሞሌኪውል ጉዞ ብትገለብጠው በመጣበት መንገድ ይመለሳል። ግን እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው የለም።

እ.ኤ.አ. በ1865 ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሩዶልፍ ክላውዚየስ ለዚህ ነገር መለኪያ ኢንትሮፒ የሚል ስም አወጣለት። ውስጡን ያሳየን ግን ኦስትሪያዊው ሉድቪግ ቦልትዝማን ነው። ቀመሩ ቪየና መቃብሩ ላይ ተቀርጿል። ሐሳቡ በአጭሩ ቆጠራ ነው፦ ነገሩ ከውጭ ሲታይ ያው ሆኖ ሳለ፣ ውስጡ ያሉት ቅንጣቶች በስንት ዓይነት መንገድ ሊደረደሩ ይችላሉ? መንገዱ በበዛ ቁጥር ኢንትሮፒው ከፍ ይላል።

አሥር ሳንቲም ብትወረውር ሁሉም ጎፈር የሚሆኑበት ዕድል ከ1,024 አንድ ብቻ ነው። ተደበላልቀው የሚወድቁበት መንገድ ግን ብዙ ነው። አንድ ጉንጭ ውሃ፣ 18 ግራም ያህሉ፣ ደግሞ ከ6 ቀጥሎ 23 ዜሮ የሚጻፍበት ብዛት ያለው ሞሌኪውል ይዟል። ሲወርድ ሁሉም በአንድነት ወደ ታች ይሄዳል። ሲሞቅ እያንዳንዱ በየፊናው ይራወጣል። እነዚያ ሁሉ በአጋጣሚ ተስማምተው ሽቅብ እስኪነሱ መጠበቅ ነው እንግዲህ! የተከለከለ አይደለም፤ ግን አይሆንም። ኃይል ማመንጫው ውሃውን ፏፏቴው ጋ ሳይደርስ የሚጠልፈውም ለዚህ ነው። ጉልበቱ አንዴ ሙቀት ሆኖ ከተበተነ አይጠፋም፣ ግን ያን ተርባይን አያዞርም።

እዚህ ላይ የቦልትዝማን ጓደኛ ዮሐን ሎሽሚት አንተን የሚመስል ጥያቄ አነሳ። ሕጎቹ ወደ ፊትም ወደ ኋላም እኩል የሚሠሩ ከሆነ፣ ቆጠራው ወደ ኋላስ ለምን አይሠራም? ትናንትም ከዛሬ የበለጠ የተበታተነ መሆን ነበረበት እኮ! ይህን ባሰብኩ ቁጥር እንቅልፍ ይነሳኛል። ቆጠራው ብቻውን የጊዜን አቅጣጫ አይሰጥህም። መነሻው ያስፈልጋል። ጽንፈ ዓለም ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት በፊት ስትጀምር ኢንትሮፒዋ እጅግ ዝቅተኛ ነበር። የጢስ ዓባይ መውረድም የእኔና የአንተ ማርጀትም ከዚያ የተነሳ ቁልቁለት ነው። ለምን እንዲያ ሆና እንደጀመረች የፊዚክስ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ። ጣና ክረምት ሞልቶ ሲጎድል ድንጋዮቹ ላይ የውሃ መስመር ይተዋል። መስመሩን አይተህ ውሃው የት ደርሶ እንደነበር ታውቃለህ። የከርሞውን መስመር የያዘ ድንጋይ ግን የለም። ትዝታም እንዲሁ አሻራ ነው። አእምሯችን አሻራ ሲያኖር ሙቀት ወደ ውጭ ይበትናል፣ ኢንትሮፒ ይጨምራል። ስለዚህ ትዝታና ኢንትሮፒ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ። ነገን የማናስታውሰው አእምሯችን ደክሞ አይደለም። አሻራ የሚኖረው ኢንትሮፒው ዝቅ ካለው ወገን ስለመጣው ነገር ብቻ ነው፤ ያንን ወገን ነው ትናንት የምንለው።

እኔ እዚህ ደርሻለሁ። አሁን ያንተን እፈልጋለሁ። ያ መነሻ ራሱ ምክንያት ያስፈልገዋል ትላለህ? ወይስ እንዲሁ ተቀብለነው እንለፍ? እኔ ምክንያት ያስፈልገዋል ባይ ነኝ፤ አንተ ግን በሒሳቡ ሁሌም ትበልጠኝ ነበርና ተከራከረኝ። ለፋሲካ ከመጣህ ደግሞ አሳ አብረን እየበላን እንጨርሰዋለን። እማማን ሳምልኝ።

ወዳጅህ፣ ከባሕር ዳር