ፓፍ መስጠት ብቻ አይበቃም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

አስም ያለብኝ የድሬዳዋ ባጃጅ ሾፌር ነኝ። የደቻቱ አቧራ ሲነሳ ደረቴ ያፏጫል። ጤና ጣቢያ በሄድኩ ቁጥር ሳልቡታሞል የሚባል በአፍ የሚሳብ መድኃኒት (ፓፍ) ተሰጥቶኝ እመለሳለሁ። እሱ ግን የጠበበውን የአየር ቧንቧ ለጊዜው ይከፍታል እንጂ ብግነቱን፣ ማለትም የቧንቧውን መቆጣትና ማበጥ፣ አይነካውም። ብግነቱን የሚቀንሰው እንደ ቤክሎሜታዞን ያለ የሚሳብ ስቴሮይድ ነው። ጂና የሚባለው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ለአዋቂ ሳልቡታሞልን ብቻውን መስጠት አይመክርም። ይህን የነገረችኝ አንዲት የፋርማሲ ባለሙያ ናት። ቂጡ ተበስቶ ፓፉ የተሰካበት የሃይላንድ ጠርሙስ ይዛ አሳሳቡንም አሳየችኝ።

የጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ይህን ቢሠለጥኑ ምን አለበት? ሥልጠናው ታዲያ ሆቴል ተቀምጦ ስላይድ ማየት አይሁን። ፓፉን በእጃቸው ይያዙት። በሽተኛውንም «እስቲ ስበህ አሳየኝ» ይበሉት።

ባጃጅ ነጂው፣ ከሳቢያን