ግቢው ሲዘጋ መሄጃ ለሌላቸው፦ ለቀድሞ የግቢያችን ተማሪዎች የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የግቢያችን ልጆች፣ አገር ቤትም ውጭም ያላችሁ፣

መጋቢት 2012ን ታስታውሳላችሁ። መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ላይ መገኘቱ ተነገረ። መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ግን ከግቢ እንዳንወጣ ተነገረን። ሳምንት ያህል እንደቆየን ደግሞ ወደየቤታችሁ ሂዱ ተባልን። እኔ ያኔ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ዶርማችን ውስጥ ስምንት ነበርን፤ አራት ተደራራቢ አልጋ፣ አንድ መስኮት። በየግድግዳው «ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራራቁ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። በአልጋዎቻችን መካከል አንድ እርምጃ እንኳ አልነበረም።

በዚያው «አትውጡ» በተባልንበት ሳምንት አንዷ የዶርማችን ልጅ ትኩሳትና ሳል ያዛት። የዶርሙ ተቆጣጣሪ የሆኑት ፕሮክተራችን ደንግጠው ከብሎኩ ጫፍ ወዳለው የዕቃ ክፍል አዛወሯት። ክፍሉ ውኃ የለው፣ መጸዳጃ የለው። ምግብ ማን እንደሚያደርስላት የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ክሊኒኩ «ካፌ ጠይቁ» አለን፣ ካፌው «ፕሮክተር ይፈርም» አለን፣ ፕሮክተሩ ወደ ክሊኒኩ መለሱን። እኛ በተራ ሰሃኑን በሩ ላይ አስቀምጠን አንኳኩተን እንሮጥ ነበር። ከካፌ ሠራተኞች አንዲት እናት ደግሞ ማታ ማታ ሥራቸውን ሲጨርሱ በፔርሙዝ አጥሚት ያመጡላት ነበር። ማንም አላዘዛቸውም። ጓንት አልነበራቸውም፤ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ነው ይገቡ የነበረው።

በሽታው ኮሮና አልነበረም፤ በአምስተኛው ቀን ተሻላት። ወዲያው ሂዱ ሲባል እኛ ሰባታችን ሻንጣችንን አሰርን፤ እሷ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ቀረች። እናትም አባትም የላትም። ያሳደገቻት አክስቷ ዓረብ አገር ናት። «ወደየቤታችሁ» ሲባል የእሷ ቤት ያው ዶርሙ ነበር።

በፕሮክተሩ አልፈርድም፣ ክሊኒኩንም አልወቅስም። ሁሉም ፈርተው ነበር፤ ምን ማድረግ እንዳለባቸው የነገራቸው፣ በእጃቸው የሰጣቸውም ነገር አልነበረም። ይህን ጥሪ የምጽፈው ግን ያ ሳምንት ከልቤ ስላልወጣ ነው። የተማሪ አገልግሎት የምንለው ዶርሙ፣ ካፌው፣ ክሊኒኩ፣ ላይብረሪው፣ የምክር ክፍሉ ነው። በሽታ ሲመጣ ሁሉም ባንድ ቀን ቆመና የቀረው መልስ ግቢውን ባዶ ማድረግ ብቻ ሆነ። ቤት ላለው ያስኬዳል። ለሌለው ምን ይሁን?

ከዚያ ወዲህም አላረፍንም። ከነሐሴ 2014 ጀምሮ ኮሌራ ከባሌ ተነስቶ ብዙ አካባቢዎችን አዳረሰ። በኅዳር 2018 ደግሞ ማርበርግ የተባለው ገዳይ የቫይረስ በሽታ ጂንካ ላይ መገኘቱ ተነገረ። ጂንካ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። ያን ዜና ስሰማ መጀመሪያ የታየኝ የዶርም ልጆች ናቸው። ማርበርግ ያለበትን ሰው የነካ 21 ቀን ክትትል ውስጥ ይገባል። አንድ ተማሪ ቢታመም አብረውት የሚያድሩት ሁሉ ለ21 ቀን ምግብ፣ ውኃ፣ ትምህርትና የሚያነጋግራቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል ማለት ነው፤ ሳይታመሙ።

ስለዚህ ከተለያየ ባች የመጣን 23 ሰዎች ተሰባስበን ወደ ግቢ ሄድን። የተማሪዎች ዲኑን፣ የክሊኒኩን ነርሶች፣ የካፌውን ኃላፊና የተማሪዎች ኅብረቱን አነጋገርን። ከሁሉም በላይ ጊዜ የሰጠናቸው ግን ለወጥ ቤትና ለጽዳት ሠራተኞቹ ነው። እነሱ በየቀኑ ከከተማ ይገባሉ፣ ማታ ወደ ልጆቻቸው ይመለሳሉ። በሽታ ከመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው እነሱን ነው፤ እነሱ ከቀሩ ደግሞ ሦስት ሺህ ተማሪ ቁርስ አያገኝም። ያኔ ግን ማስክ ሲታደል ለመጨረሻ የደረሰው ለእነሱ ነበር።

አሁን የምንለምናችሁን ነገር ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ውኃ ነው። የካፌው በር ላይ ያሉትን ቧንቧዎች ቆጠርን፤ የሚሠሩት ሁለት ናቸው፤ እነሱም ጠዋት ብቻ። አንድ ሰው በሳሙና 20 ሰከንድ አሽቶ ሲታጠብ ምን ያህል ውኃ እንደሚፈጅ ራሳችን በጆግ ለካን፤ በእግር በሚረገጥ ቧንቧ ግማሽ ሊትር ይበቃል። ሦስት ሺህ ተማሪ በቀን ሦስት ጊዜ ቢታጠብ 4,500 ሊትር ነው። ስለዚህ ባለ 5,000 ሊትር ሁለት ሮቶ እንፈልጋለን፤ አንዱ የዕለቱን ሲሰጥ ሌላው ውኃ ለሚጠፋበት ቀን ሞልቶ ይቆያል። ከሥራቸው በእግር የሚረገጡ 16 ቧንቧዎች ይዘረጋሉ። ሳሙናው አይጠፋም ወይ ላላችሁን፦ ደረቅ ሳሙና በእርግጥ ይጠፋል። ዱቄት ሳሙና በውኃ በጥብጠን ክዳኑ በተበሳ ሃይላንድ ከቧንቧው ጎን እናስራለን፤ ማንም ይዞት አይሄድም።

ሳኒታይዘርን የጠየቃችሁን አላችሁ። በ2012 የብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የኬሚስትሪ ክፍሎች ራሳቸው እንደሠሩት ታስታውሳላችሁ፤ የእኛም ሊሠራ ፈቃደኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አሠራር ቀላል ነው፦ ለ10 ሊትር 96 በመቶ ኤታኖል 8,333 ሚሊ ሊትር፣ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ 417 ሚሊ ሊትር፣ ግሊሰሪን 145 ሚሊ ሊትር፣ የቀረው ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ። ግን ብዙ አንገዛም። እሳት ይወዳል፣ የቆሸሸ እጅንም አያጸዳም። ለክሊኒኩና ለላይብረሪው በር የሚሆን ብቻ ነው የያዝነው።

ሁለተኛው ያ የዕቃ ክፍል ነው። ዲኑ በአሮጌው ብሎክ የመሬት ወለል ላይ የራሳቸው በር ያላቸው ስድስት ክፍሎች ሊሰጡን በጽሑፍ ተስማምተዋል። በየክፍሉ ሁለት አልጋ ይሆናል፤ በጠቅላላው 12። በሁለት አልጋ መካከል መስኮት፣ በክፍሎቹ ጀርባ ሦስት መጸዳጃና አንድ መታጠቢያ ይሠራል። የሚያስፈልገው ፍራሽ በፕላስቲክ የተለበደ፣ ክዳን ያለው ባልዲ፣ ጓንት፣ ማስክ፣ ገዋን፣ ቴርሞሜትር፣ ጣት ላይ የሚደረግ የኦክስጅን መለኪያ፣ ለተቅማጥ የሚጠጣው ኦአርኤስና በረኪና ነው። በረኪናው ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ ካለ አንድ እጁን በዘጠኝ እጅ ውኃ ማቅጠን ነው፤ የጽዳት ሠራተኞቹ መለኪያ ጣሳ ላይ ምልክት እንዲደረግላቸው ጠይቀዋል፣ እናደርጋለን። ግልጽ ለማድረግ ያህል፣ ማርበርግን ለመሰለ በሽታ የሚጠረጠር ሰው ቦታው እዚህ አይደለም። ለዚያ በነጻው 8335 ተደውሎ ወደ ሕክምና ማዕከል ነው የሚወሰደው። እነዚህ ክፍሎች ትኩሳት ይዞት ውጤት ለሚጠብቅ፣ ወይም ከታማሚ ጋር አብሮ ስላደረ ብቻ ለሚቆይ ልጅ ናቸው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ምሳ ዕቃ። ያቺን ልጅ የራባት ምግብ ጠፍቶ አልነበረም፤ የሚሄድበት መንገድ ጠፍቶ ነው። ባለ ሦስት ደረጃ 24 ምሳ ዕቃ እንገዛለን፤ ለእያንዳንዱ አልጋ ሁለት ሁለት፤ አንዱ ሲቀቀል ሌላው ያገለግላል። የካፌው ኃላፊ በር ላይ ካርድ የሚያዩት ቲከሮች የክፍሎቹን ስም ዝርዝር በየጠዋቱ ይዘው ለወጥ ቤት እንዲያስተላልፉ ተስማምተዋል። ማን ይወስዳል የሚለው ላይም ፊርማ አለ፦ ክሊኒኩ። ይህ ስምምነት ምንም ብር አልፈጀም። ለእኔ ግን ከሮቶዎቹ ይበልጥብኛል።

የካፌው ሰልፍ ነገርም በዚሁ ይታያል። ካፌው ምግቡን በብሎክ ከፍሎ በሦስት ዙር ለማቅረብ ዝግጁ ነው፤ ለዚያ የሚያስፈልገው የሚሠራ የድምፅ ማጉያ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ለትምህርትና ለመንገድ ነው። በ2012 ኢንተርኔት ያለው ሲማር ገጠር የገባው ኮረብታ ወጥቶ ኔትወርክ ይፈልግ ነበር። ከሴክሽናችን ሁለት ሴቶች ጨርሶ አልተመለሱም፤ ቤት በገቡ በወራት ውስጥ ተዳሩ። ሞጁልና ሃንድአውት አባዝቶ በአገር አቋራጭ አውቶብስ እስከ ወረዳ ከተማ መላክ ይቻል ነበር፤ የሚያዘጋጀው ሰው ጠፋ እንጂ። ስለዚህ የማባዣ ወረቀትና ቀለም እንገዛለን። ለሴቶች ዶርም ሞዴስ በክምችት ይቀመጣል። የመሳፈሪያ የሌላቸውን ልጆች የሚረዳ ትንሽ ፈንድ ይከፈታል። ዕቃቸውን ትተው የሚሄዱ ደግሞ ስም የተጻፈበት ማዳበሪያ ይሰጣቸዋል፤ ሁለት ቁልፍ ያለው መጋዘን ውስጥ ይገባል። በዚያ ዓመት በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ዶርሞቹ ለይቶ ማቆያ ሆኑ፤ ከዓረብ አገር የተመለሱ እህቶቻችን 14 ቀን አድረውባቸዋል፤ በእኛ ግቢም ዕቃችን በችኮላ ወጥቶ የብዙዎቻችን ልብስና ሰነድ ጠፋ። እህቶቻችን አልጋችን ላይ ማደራቸው የሚያኮራን ነገር ነው። የጠፋው ዕቃ ግን መጥፋት አልነበረበትም።

አንድ ነገር ደግሞ ከሁሉ ለይቼ ልናገር። ከእኛ ጋር ዓይነ ስውር ተማሪዎች ነበሩ። ከዶርም ካፌ፣ ከካፌ ክፍል የሚሄዱት የአንዳችንን ክርን ይዘው ነው። ማታ ላይብረሪ ደጅ ተቀምጠን እናነብላቸው ነበር፤ በሪከርደር ይቀዱታል። «አትነካኩ» በተባለ ማግስት ክርኑን የሚሰጥ ሰው ጠፋ። አንዱ በትሩን ይዞ የካፌው መንገድ መካከል ቆሞ ስሞቻችንን እየጠራ ሲጠብቅ አይቻለሁ። እኔም አልሄድኩለትም፤ ፈራሁ። ዛሬም ያሳፍረኛል። ከዶርም እስከ ካፌ፣ ከካፌ እስከ ክሊኒክ በወገብ ቁመት የሚዘረጋ የብረት መያዣ እንዲሠራ ንድፉን አንድ ሲቪል ምህንድስና የጨረሰ ልጅ በነጻ ሠርቶልናል። ነጭ በትርና ሜሞሪ ያላቸው አዳዲስ ሪከርደሮችም ዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ይህ በሽታ ባይመጣም በየቀኑ የሚያገለግል ነው።

ስለ ምክር አገልግሎቱ የምለው አጭር ነው። ክፍሉ ከዲኑ ቢሮ ፊት ለፊት ስለሆነ ተማሪ አይገባበትም። ሁለት የስልክ መስመር ይከፈታል፤ ሳይኮሎጂ የተመረቁ ስምንት የቀድሞ ተማሪዎች ተራ ገብተው ያነጋግራሉ። የሚያስፈልገው ሁለት ስልክና ካርድ ነው።

«ይህን መንግሥት አይችልም ወይ?» የሚል ጥያቄ ስብሰባችን ላይም ተነስቷል። ያኔ ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የተመደበው 15 ብር ነበር፤ በቅርቡ ወደ 100 ብር ከፍ ቢልም የገበያው ዋጋ አብሮ ወጥቷል። ከዚያ የሚተርፍ የለም። ድንገተኛ ግዢ ደግሞ ጨረታ ይጠብቃል፣ በሽታ አይጠብቅም። በጀት እንዲያዝ መጠየቃችንን አናቆምም፤ እስከዚያው ግን ዕቃው መጋዘን ውስጥ ይቀመጥ ነው የምንለው።

የገንዘብ ድምር ያልጻፍነው ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለወጥ ነው። ለእያንዳንዱ ዕቃ ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፤ ሦስቱንም በቡድናችን ታዩታላችሁ። አንድ ሰው ብቻውን፣ ወይም አንድ ዶርም ተባብሮ፣ አንድ ዕቃ ሙሉ ቢይዝ እንመርጣለን፦ የእናንተ ባች አንዱን ሮቶ፣ የእነሱ ባች ምሳ ዕቃዎቹን። ሂሳቡ በሦስት ሰው ፊርማ ነው የሚንቀሳቀሰው። ቁጥሩን የምንሰጠው በየባቹ ተወካይ በኩል ብቻ ስለሆነ ሌላ ሰው ቁጥር ቢልክላችሁ እንዳታስገቡ። ውጭ ያላችሁ በባንክ ላኩልን። የተገዛው ሁሉ በሞዴል 19 (በዕቃ መቀበያ ደረሰኝ) ለግቢው ገቢ ይሆናል፤ የደረሰኙ ፎቶ በዚያው ቀን ይደርሳችኋል።

ያቺ የዶርማችን ልጅ ዛሬ አስተማሪ ናት፤ የመጀመሪያውን ምሳ ዕቃ የገዛችው እሷ ናት። አጥሚት ያመጡላት የነበሩት እናት ጡረታ ሊወጡ ትንሽ ቀርቷቸዋል። ያን ክፍል ስናይ አብረውን መጥተው ነበር፤ መስኮቱ ሰፋ እንዲል የጠየቁት እሳቸው ናቸው፤ በዕቅዳችን አስፍተነዋል።

ገንዘብ የሌላችሁ በጉልበት ኑ። ቧንቧ መዘርጋት፣ ብየዳ፣ ቀለም የምትችሉ ከዳግማይ ትንሣኤ ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ካፌው በር ላይ እንገናኝ። ምሳችንን ካፌው ያበላናል፤ ሰሃናችሁን ብቻ ይዛችሁ ኑ።